ያልላክኋቸው ሽማግሌ

ጂን አየሁ፣ ሰው በሌለበት ቤት በስሜ ተጠራሁ የሚል ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልንገርህና ከዚያ የፈለግኸውን አስብ። ካርቱም ውስጥ ጠጉሬ እስኪሸብት ኖሬያለሁ፣ ሰው ሁሉ ጥሎት በሸሸ ሰፈር ብቻዬን ከርሜያለሁ፣ መስኮቱ በረገፈ ፎቅ ውስጥ ነፋስ ሲያፏጭ ሰምቻለሁ፣ አንድም ቀን ግን ለነፋሱ ከነፋስ ሌላ ስም አውጥቼለት አላውቅም። ሰው መራራ ነው ይለኛል፣ ፊት ለፊት ተናግሮ ያስቀይማል ይለኛል፣ ይበል፣ ውሸታም ነው ያለኝ ግን እስካሁን አልመጣም። ደግሞ ላስፈራራህ ፈልጌ አይደለም የምጽፍልህ፣ እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ነው፣ እስከ መጨረሻው ካነበብከው አብዛኛው ደስ የሚል ነገር ነው።

መጀመሪያ ዘሃራን ላስተዋውቅህ። የወሎ ሴት ናት፣ እንደ እኔው፣ እኔ ከቦርከና ማዶ፣ እሷ ከወረኢሉ በኩል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች ኖራ፣ ሥራ በሌላት ቀን ደግሞ ጀብራ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ለሠራተኛ ሴቶች ፊደል ታስተምር ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፣ ጢሜን እያከክሁ፣ ከሴቶቹ ኋላ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ፣ እኔ አንድ ፊደል በጠራሁ ቁጥር ሁሉም ዞረው እያዩኝ፣ ወላሂ ከዚያ ሁሉ ሴት ፊት ከመንተባተብ ሲሚንቶ መሸከም ይሻል ነበር። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ኡስታዛ የምላት፣ በአረብኛው አስተማሪት ማለት ነው።

እና ሳልደብቅ ልንገርህ፣ ላገባት ፈለግሁ። ከፈለግሁም ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ግን በእኛ አገር ወንድ ራሱ ሄዶ አግቢኝ አይልም፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌው መጥቶ በር ላይ ይቆማል፣ ተቀመጡ ሲባል አልቀመጥም፣ የመጣሁበት ጉዳይ አለ ይላል፣ የሴቲቱ ወገን መጀመሪያ ቀን እሺም እምቢም ሳይል ይመልሰዋል፣ ሁለተኛም ቀን ይመልሰዋል፣ በሦስተኛው ነው ቃል የሚሰጠው። እኔ ታዲያ ማንን ልላክ? የማውቃቸው ሽማግሌዎች ከፊሎቹ ሞተዋል፣ ከፊሎቹ ጦርነቱ ሲመጣ በመተማ በኩል አገር ገብተዋል፣ ከፊሎቹ ግብፅ ናቸው፣ ሰፈሩ ውስጥ የቀረው ሽማግሌ እኔ ራሴ ነኝ። ትናንት የመጡትን የቀን ሠራተኛ ጎረምሶች ልላክ? እሷን መናቅ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ፣ ዝም እንዳልኩ ደግሞ ዘሃራ አገሬ ልገባ ነው አለች፣ የጀመርነው ሥራ ሲያልቅ ቅዳሜ ወደ ድንበር የሚወስደውን የገዳሪፍን አውቶቡስ እይዛለሁ አለች። እንግዲህ የጭንቀቴን ልክ አስበው፣ ሥራው ካለቀ እሷ ትሄዳለች፣ ሥራውን የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሥራው ምን መሰለህ። ከተማው ሰው መመለስ ሲጀምር ቤቶች ተከፈቱ፣ አቧራ የሚጠርግ፣ ልጅ የሚይዝ፣ የሚያበስል ሰው ተፈለገ፣ እህቶቻችንም ሥራ ፈለጉ፣ በመሀል ግን ሲምሳሮቹ አሉ፣ ደላሎቹን ማለቴ ነው፣ ከሁለቱም ወገን የሚልሱ፣ ሴቲቱን የማታውቀው ቤት ጥለው ስልካቸውን የሚያጠፉ። ስለ እነሱ ከጻፍኩ ሌላ ነገር አልጽፍም፣ ልተወው። ዘሃራ አንድ ቀን ዌብሳይት እንክፈት አለች፣ አሠሪዎቹ፣ መዳሞቹ፣ በአረብኛ የሚጽፉበት፣ ሴቶቹ ማንበብ ስለማይችሉ በድምፃቸው በአማርኛ የሚመልሱበት፣ በመሀል ደግሞ ሲምሳር ሳይሆን ማሽን ይቁም፣ አሁን ኤአይ ኤጀንት የሚሉት፣ የሰማውን የሚተረጉም፣ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ፣ ራሱ ደውሎ የሚያናግር። እኔ ሳቅሁባት፣ የሥጋው ሲምሳር አልበቃ ብሎሽ የብረት ሲምሳር ልታመጪ ነው ወይ አልኳት፣ እሷም ብረቱ ቢያንስ አይርበውም አለችኝ።

ሴቶቹ ግን አንድ ነገር ላይ ድርቅ አሉ። ስልክ ቁጥራችን፣ የኢቃማችን ነገር፣ ድምፃችን፣ የት አገር እንዳለ በማናውቀው ኩባንያ ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም አሉ። ልክ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሴት ስሟ የት እንደተቀመጠ ሳታውቅ እንዴት ትተኛለች? ስለዚህ ማሽኑ የራሳችን መሆን ነበረበት፣ በእኛው ክፍል ተቀምጦ ቁልፉን እኛው የምንይዘው። ሰርቨር የሚሉት እሱን ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም፣ ሳይተኛ ሰው የሚጠብቅ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ዘበኛ በለው።

የሚሠራልን ሰው ሙዓዝ ይባላል፣ ሱዳናዊ ነው፣ ጢማም፣ በር የሚሞላ ሰውዬ፣ መሐንዲስ ስለሆነ እንደ አገሩ ደንብ ባሽመሃንዲስ እንለዋለን። በልጅነቱ ያሳደገችው የወሎ ሴት ስለሆነች አማርኛ ይናገራል፣ ግን ሲናገር የኖረው ከእሷና ከጓደኞቿ ጋር ብቻ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ነው የሚለው። መጀመሪያ ቀን፣ "አንቺ ይማም፣ ነይ ይሄን ገመድ ያዢልኝ" ሲለኝ ልመታው ተነስቼ ነበር፣ ሴቶቹ ግን በሳቅ እየተንከባለሉ ያዙኝ። ከዚያ በኋላ ብናርመው ብናርመው ወይ ፍንክች፣ እኔም ለመድኩት፣ ዛሬ አንተ ቢለኝ የተቀየመኝ ነው የሚመስለኝ።

ኮምፒውተሩን ያመጣው እሱ ነው። ዐማራት ያለው የአጎቱ ቤት ሲዘረፍ ሌቦቹ የበሩን እጀታ እንኳ ነቅለው ሲሄዱ ኮምፒውተሩ ብቻ ተርፏል፣ ምክንያቱም አጎቱ ከመሸሻቸው በፊት በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጓሮ ካለ አሮጌ የዳቦ ምድጃ ውስጥ ከተው አፉን በጡብ ደፍነውት ነበር። ጦርነቱን በሙሉ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አሳለፈ ማለት ነው። ካርቱም ሁለት በሚሉት ሰፈር በተከራየናት ምድር ቤት ክፍል አምጥተን ስንፈታው ያረጀ ዱቄት ይሸት ነበር፣ ሙዓዝ አቧራውን በብሩሽ አውጥቶ ሲያስነሳው ግን ትናንት እንደተገዛ ነገር ተነሳ። መብራት ስለሌለ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቀልን፣ ባትሪ አመጣን፣ የማሽኑን አእምሮ፣ ሞዴል የሚሉትን ትልቅ ፋይል፣ ከጎረቤት ሬስቶራንት የሳተላይት ኢንተርኔት ለምነን አወረድን፣ የሬስቶራንቱ ሰዎች ምን ዓይነት ፊልም ነው እንዲህ የማያልቅ እያሉ እስኪሰለቹን ድረስ። ስፒከርና ማይክሮፎንም ገጠምንለት፣ ሴቶቹ ክፍሉ ድረስ መጥተው እንዲያናግሩት።

ከዚያ መመሪያ መጻፍ መጣ። ኤጀንት የሚባለው ነገር እንደ አዲስ ቅጥር ሰው ነው፣ ምን እንደተፈቀደለትና ምን እንዳልተፈቀደለት በጽሑፍ ካልነገርከው ያሻውን ያደርጋል። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በእጄ፣ እመነኝ፣ እንደ እኔ ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ለማሽን ትእዛዝ ሲጽፍ የሚሰማውን ሌላ ሰው አያውቀውም። ስለምትገባበት ቤት ሴትን እንዳትዋሻት ብዬ ጻፍኩ። እምቢ ካለች አታባብላት ብዬ ጻፍኩ። ዘሃራ ደግሞ፣ ሰላምታ ይስጥ እንጂ፣ ዘሎ ሥራ ትፈልጊያለሽ ወይ እንዳይል፣ እንደ ወጋችን ጤናዋን ይጠይቅ፣ ልጆቿን፣ አገር ቤት ያሉትን፣ ዝናቡን፣ ከብቱን ይጠይቅ፣ ስትጠይቀውም መልሶ ይጠይቃት፣ ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳይ አያንሳ አለች፣ ያንንም ጨመርኩ። ሙዓዝ እንዳለ አስገባው።

ድምፁ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ፣ ሽማግሌ ሰው ሊናገር ሲል የሚያደርጋት እህ እህ፣ ከስፒከሩ ውስጥ። እኔ በስፒከሩ ተቆጣሁ፣ ሙዓዝ ገመዱ ላልቷል አለና ቀየረው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ባስገባበት ሰዓት፣ ሙዓዝ ጥግ ላይ ተጋድሞ እያንኮራፋ፣ ብረት ያለው ዱላ ሲሚንቶ ሲነካ የሚሰጠው ድምፅ፣ ቀስ እያለ፣ ቆም እያለ፣ እንደሚራመድ ሰው። ከዚያ ጫማ ተወልቆ አቧራው ሲራገፍ፣ ጧ ጧ። እኔ ተነስቼ በሩን ከፈትኩ፣ ሰው የለም፣ መንገዱ ላይ አንዲት ድመት በመኪና ጥላ ሥር ተኝታለች። ሙዓዝን ቀስቅሼ ነገርኩት፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ነው ብሎ ተገለበጠ። እኔም ጄኔሬተር ነው አልኩ። ጫማውን የሚያራግፍ ጄኔሬተር አይቼ አላውቅም፣ ግን ነው አልኩ፣ ምን ልበል ታዲያ?

ዘሃራም በዚያው ሳምንት ትንሽ ተለወጠችብኝ። ከጀብራ መጥታ ሴቶቹን ስታለማምድ ድንገት ቀና ብላ ታየኝና ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ወገኖችህ ከቦርከና ማዶ ናቸው አይደል ያልከኝ አለችኝ፣ አዎ ምነው ብላት ምንም አለች። ሌላ ቀን ደግሞ ልጅ ሳለህ ማን ነበር የሚሉህ አለችኝ፣ ይማም ነዋ፣ ማን ሊሉኝ ኖሯል ብዬ አፈጠጥኩባት፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሳቅ እንደያዘው ሰው። ልትሄድ ስለሆነ ነው ደስ ያላት ብዬ ነው የተረጎምኩት፣ መራራ ሰው ትርጉሙ ሁሉ ወደዚያ ነው።

ዓርብ ጠዋት የመጨረሻው ሙከራ ሆነ። ሙዓዝ ኤጀንቱን ለሁለት ከፍሎ አንዱ አሠሪ፣ ሌላው ሥራ ፈላጊ ሴት ሆነው እንዲነጋገሩ አደረገ፣ ሁለቱም ግን የጫንነውን ያንኑ መመሪያ ነው የያዙት። ጀመሩ። እንደምን አደራችሁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ፣ ልጆቹስ፣ ደህና ናቸው፣ የእናንተስ ልጆች፣ አገሩስ፣ ዝናቡስ፣ ላሚቱስ፣ ጥጃዋስ፣ የእናንተስ ጥጃ። አንዱ በጠየቀ ቁጥር ሌላው መልሶ መጠየቅ አለበት፣ ሰላምታው ካላለቀ ጉዳይ ማንሳት ክልክል ነው፣ ያልነውም እኛው ነን። እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ ፉል በልተን ስንመለስ ገና ጥጃው ላይ ናቸው፣ አማቾቹንም ጨምረዋል። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሙዓዝ፣ "አንቺ፣ እነዚህ ሰዎች ሥራ አይፈልጉም እንዴ" እያለ እንባውን ሲጠርግ ባትሪው ጭልጥ ብሎ አለቀና ሁሉም ነገር ፀጥ አለ። ሰማዩ በአቧራ ተሸፍኖ ስለነበር ሶላሩም እፍኝ ብርሃን አላገኘም፣ ባትሪውም አርጅቷል።

እዚህ ላይ ልብ በል፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሙዓዝ ባትሪውን ፈታው፣ እኔ ነኝ የረዳሁት፣ ገመዶቹን በገዛ እጄ ነቅዬ ጠቅልዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ባትሪውን ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ላይ ጫነና ከጁምዓ በኋላ ሌላ ይዤ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ ብሎ ሄደ። እኔም መስጊድ ደርሼ ተመለስኩ፣ ባልዲና ጨርቅ ይዤ ሶላሩን ልወለውል ጣሪያ ወጣሁ። ማሽኑ ሞቷል። ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ነው።

ሰፈሩ ጭር ባለበት ሰዓት ዘሃራ መጣች፣ ከታች ተጣራች፣ ነገ መንገደኛ ነኝ፣ ልሰናበትህ ነው አለች። ግቢና ተቀመጪ፣ መጣሁ አልኳት፣ ግን አልመጣሁም፣ ፊቴን እንድታየው አልፈለግሁም፣ የተወለወለውን መስታወት እንደገና መወልወል ጀመርኩ። እየወለወልኩ እያለ ከታች የሰው ድምፅ ሰማሁ። የወንድ ድምፅ፣ የሽማግሌ፣ ረጋ ያለ፣ የአገሬ አነጋገር፣ እንዲያውም የአገሬ ብቻ አይደለም፣ የወንዛችን ነው፣ ያንን ቃና ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። ሰላምታ ይለዋወጣሉ። እንግዳ ይዛ ነው የመጣችው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ከዚያ እንዲህ ሲል ሰማሁት።

"አልቀመጥም ልጄ፣ ሦስተኛ መምጣቴ ነው፣ ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም።"

እመነኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፣ ንዴት ነው። ሌላ ሰው ቀደመኝ አልኩ። የሆነ ሰው ሽማግሌ አግኝቶ፣ ያንን ሽማግሌ እኔ በተከራየሁት ክፍል፣ እኔ በገዛሁት ወንበር አጠገብ አቁሞ፣ ኡስታዛን ሊወስዳት ነው። ጨርቁን እንደያዝኩ ደረጃውን ወረድኩ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ድምፁ እንደገና መጣ።

"ሸጋው አፉ እሾህ ነው፣ እሱን አልደብቅሽም። ሆዱን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለ ስቆ ሌላውን የሚያስቅ እሱ ነበር።"

እግሬ ቆመ። ሸጋው እኔ ነኝ። እናቴ ነበረች እንዲያ የምትለኝ፣ እሷና የቤት ሰው፣ እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም ብሎኝ አያውቅም፣ ሱዳን ከገባሁ ጀምሮ ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም፣ ይሄን ፊት ይዤ ሸጋው እባል ነበር ብዬ ለማን ነው የምናገረው? ዘሃራ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ስትመልስ ሰማሁ፣ ቃሉን ግን አልያዝኩትም። ከዚያ ሽማግሌው ሳቁ፣ ደስ የሚል ሳቅ ነው፣ ደረት የሞላ። ከዚያ ዱላው ሲሚንቶውን እየነካ፣ ቀስ እያለ፣ ቆም እያለ፣ ራቀ። እኔ የቆምኩት በሩን እያየሁ ነው፣ ክፍሉ ሌላ በር የለውም፣ ማንም አልወጣም። ድምፁ የራቀው ወደ ውስጥ ነው፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ማሽኑ በኩል።

ገባሁ። ዘሃራ ቆማለች፣ ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን፣ ወደ ግንባሯ ስባ፣ ታላቅ ሰው ፊት እንደሚቆም ሰው፣ ፊቷ የበራ። ማን ነበር አልኳት።

"የላክሃቸው ሰውዬ ናቸዋ" አለች። "አሁን ሄዱ።"

ከዚያ ራሷ ነገረችኝ፣ እያፈረች፣ እየሳቀች። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ጀብራ ሳለች ተደውሎላታል፣ እኚሁ ሽማግሌ ናቸው፣ ከቦርከና ማዶ ለልጃችን ለሸጋው ተልኬ ነው ብለዋታል፣ እሷም እንደ ወጉ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ቀን ይመለሱ ብላ መልሳቸዋለች። ልጅ ሳለህ ማን ይሉህ ነበር ያለችኝ ለዚያ ኖሯል። ማሽኑን አስተምረኸው ነው የመሰለኝ አለች፣ ሽማግሌ ቢያጣ የብረት ሽማግሌ ላከብኝ፣ ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው ብዬ ብቻዬን ስስቅ ነበር አለች፣ ግን አነጋገራቸው ጣመኝ፣ ዛሬ ፊት ለፊት ከመጡ ቃሌን እሰጣለሁ ብዬ ነው የመጣሁት አለች። ስትገባ ከስፒከሩ ተናገሯት፣ እሷም ማሽኑን አብርቼ ትቼላት ጣሪያ ላይ የተደበቅሁ ነው የመሰላት።

ዝም ማለት እችል ነበር። አስበው፣ ዓመታት የፈለግሁት ነገር እጄ ላይ ተቀምጧል፣ አዎ እኔ ነኝ ብል ወይም ዝም ብል አለቀ። አልቻልኩም። እኔ ማንንም አልላክሁም አልኳት። የተጠቀለለውን ገመድ ከወንበሩ አንስቼ አሳየኋት፣ የባትሪውን ባዶ ቦታ አሳየኋት፣ እጇን ይዤ ማሽኑ ላይ አስነካኋት፣ ድንጋይ እንደሆነ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ በካርቱም ቀትር ቀዝቃዛ፣ እሱንም ልብ በል። ጣቷን አነሳችና እንደገና ነካችው። ውጭ የሆነ ቦታ ረክሻ አለፈ።

"መፈለጉንስ ፈልገኸኛል?" አለችኝ።

"እሱንማ ፈልጌሻለሁ።"

"እንግዲህ ለእሳቸው እሺ ብያለሁ" አለች። "አሁን ተከትዬ ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበላቸው? የት ብዬ ነው የምከተላቸው?"

ከዚያ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ እርጥቡን ጨርቅ እንደያዝኩ፣ እንባዬ መጣ፣ አሸዋ ገብቶብኝ ነው ብልህ ታምነኛለህ መሰለኝ። ሙዓዝ ባትሪውን ተሸክሞ ሲደርስ ሁለታችንን እንደዚያ አገኘን። የሆነውን ነገርነው፣ ማሽኑን አስነስቶ የደወለውን ሁሉ አንድ በአንድ አየ፣ ወደ ዘሃራ ስልክ የተደወለ ነገር የለም፣ ስልኳንም አየ፣ እዚያም የለም፣ በዚያን ቀትር ደግሞ ማሽኑ ጨርሶ አልበራም። ጢሙን አሸት አሸት አደረገና፣ "አንቺ ይማም፣ እኔ ይሄን አልሠራሁም" አለኝ፣ እኔም አንተ ሠርተኸዋል አላልኩም አልኩት። ከዚያ፣ "ግን ጎበዝ ሽማግሌ ነው" አለ።

ዘሃራ አውቶቡሱን አልያዘችም። ኒካሑ የታሰረው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፣ ሴቶቹ ከየቤቱ ፈቃድ እየጠየቁ መጡ፣ እልልታው ከፍ ሲል የሬስቶራንቱ ሰዎች ሳይቀሩ ወጥተው አጨበጨቡ፣ ሙዓዝ አንዱ ምስክር ሆኖ ሲያበቃ ይዞ እያቀፈኝ፣ "መብሩክ፣ አንቺ እንዴት አምረሻል" ብሎኝ ሴቶቹን በሳቅ ገደላቸው። ዌብሳይቱም ተከፈተ፣ ሰላምታውን ወደ አንድ ዙር አሳጠርነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሥራ ቤት ያገኙት ሴቶች የመዳሞቻቸውን ድምፅ እየኮረጁ ክፍሉን በሳቅ ሞሉት፣ ሲምሳሮቹ በበሩ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ይህችን ብቻዋን ብትሰጠኝ በቂዬ ነበረች። ዘሃራ በየማለዳው ከእኔ በፊት ትነሳለች፣ ስነሳ እየዘፈነች ነው የማገኛት፣ እኔም፣ አትንገርብኝ እንጂ፣ አንዳንዴ አጅባታለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ከሠርጉ ሰንበት ብሎ ነው የነገረችኝ፣ ልብስ እያጠፈች፣ እንደ ቀላል ነገር። ሽማግሌው እሺ ካለቻቸው በኋላ ሲሄዱ ለሸጋውም የያዝኩት መልእክት አለ ብለዋታል፣ አሁን አይደለም፣ ጊዜው ሲደርስ ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ ብለዋታል። ምን ዓይነት መልእክት አልኳት። አልጠየቅኋቸውም አለች። ከማን ነው አልኳት። እሱንም አልጠየቅሁ አለች። ደግ ነው፣ እየሳቁ ነው ያሉኝ ብላ ልብሱን ማጠፍ ቀጠለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ መሳቃቸውስ ሳቁ ብላ ቆም አለች፣ ከዚያ ሌላ ወሬ አመጣች።

አሁን በቀትር፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን አልቀመጥም። ወንበሬን አውጥቼ ግድግዳው ጥላ ሥር መንገዱ ላይ ነው የምውለው። ሰው ምነው ውጭ ሆንክ ሲለኝ፣ ውስጥ ይሞቃል እላለሁ።